ለክረምት ዝናብ የሚሆን የካሜራ ሌንስ እንዴት ይመረጣል?

በሐምሌና በነሐሴ መንዝ ጓሳ ላይ ጭላዳ፣ ወይም ጣርማበር አፋፍ ላይ ከቆላው የሚወጣውን ጉም ማንሳት የሚፈልግ ሰው ዝናብ ሸሽቶ አይሆንለትም። ካፊያ የነበረው ወዲያው ዶፍ ይሆናል፣ በረዶም ይቀላቅላል። ውኃ የሚገባው ደግሞ በደካማው መገጣጠሚያ ስለሆነ ሌንስ ስትመርጡ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ እዩ።

1. ካሜራውን አስቀድሙ። ካሜራው ራሱ ዝናብ የማይችል ከሆነ ለሌንሱ የሚወጣው ገንዘብ ከንቱ ነው፤ ውኃው በባትሪው ክዳንና በቁልፎቹ ዞሮ ይገባል። በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ አዳፕተር (ማገናኛ) ወይም ቴሌኮንቨርተር (ይበልጥ የሚያቀርብ ተጨማሪ መስታወት) ካለም እንደዚያው።

2. ጽሑፉን አንብቡ። ፔንታክስና ፉጂፊልም ዝናብ የሚችሉ ሌንሶቻቸው ላይ «ደብሊው አር» ብለው ይጽፋሉ፤ የፔንታክስ «ኤ ደብሊው» ከዚያ የጠነከረ ነው። የካኖን ከፍተኛ ደረጃ ሌንሶች ምልክት የሆነውን ቀይ ቀለበት ብቻ አይታችሁ አትግዙ። የድሮው 400 ሚሊ ሜትር ኤፍ 5.6 እና የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያ የሌለው 70-200 ኤፍ 4 ቀይ ቀለበት አላቸው፣ የዝናብ መከላከያ ግን የላቸውም። አንዳንድ የኦሊምፐስና የኦኤም ሲስተም ሌንሶች «አይፒ 53» የሚል መለኪያ አላቸው። የኋለኛው 3 ቁጥር ትርጉሙ ከቀጥታው እስከ 60 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ከላይ የሚረጭ ውኃ አይጎዳውም ማለት ነው። አፋፍ ላይ ግን ነፋሱ ዝናቡን ከጎን፣ አንዳንዴም ከታች ወደ ላይ ይመታዋል። ስለዚህ መለኪያ ያለውም ሌንስ ቢሆን መሸፈኛ ያስፈልገዋል። ውኃ የገባበትን ዕቃ ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍነውም።

3. የዙሙን አሠራር እዩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዙም ሲደረግ አንገቱ የሚወጣ ሌንስ አለ፤ ርዝመቱ የማይለወጥ፣ መስታወቱ ውስጥ ለውስጥ የሚንቀሳቀስም አለ። አንገቱ የሚወጣው ሲረዝም አየር ይስባል፣ ሲያጥር ይተፋል፤ ልክ እንደ ወናፍ ነው። በዶፍ ጊዜ የሚስበው አየር እርጥበት የሞላበት ነው። የረጠበው አንገት ወደ ውስጥ ሲመለስም የጎማው ጠርዝ ያልጠረገውን ውኃ ይዞ ይገባል። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። ማታ ብርዱ ሲበረታ የውስጠኛው መስታወት ይደበዝዛል፣ ሌንሱ ሳይደርቅ ከተቀመጠም ሻጋታ ይጀምረዋል።

ለጭላዳም ሆነ ለወፍ የሶኒው 200-600 እና የኒኮን ዜድ 180-600 አንገታቸው አይወጣም። ከሁለቱ በአንዱ ካሜራ ለሚሠራ ሰው በዝናብ ከእነርሱ የሚሻል ዙም መፈለግ ድካም ነው። የካኖን አር ኤፍ 100-500 አንገቱ ይወጣል፤ መከላከያ ስላለው ይሠራል፣ ነገር ግን አንድ ርዝመት ላይ አቁማችሁ አንሱ። ከማሳጠራችሁ በፊትም አንገቱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ገንዘብ ካጠረ ዙም የሌለው፣ መከላከያ ያለው ሌንስ ይሻላል፤ የሚንቀሳቀስ ክፍሉ ትንሽ ነው።

4. የኋላውንና የፊቱን አትርሱ። ሌንሱን አዙራችሁ ካሜራው ላይ በሚገጠመው ብረት ዙሪያ ያለችውን ቀጭን የጎማ ቀለበት ተመልከቱ። መከላከያ ባለው ሌንስ ላይ መኖር አለባት፤ የተሰነጠቀች፣ የደረቀች ወይም የጎደለች ከሆነ ተዉት። ቀለበቷ ስላለች ብቻ ግን የቀረው ሁሉ ተዘግቷል ማለት አይደለም፤ ርካሽ ሌንሶች ላይ ያለችው እርሷ ብቻ ልትሆን ትችላለች። እንደ ካኖን 17-40 ኤፍ 4 ያሉት ደግሞ ከፊት ፊልተር ካልታሰረባቸው ሙሉ በሙሉ አይዘጉም።

ያገለገለ ሌንስ ስትገዙ በስልክ መብራት ከኋላ ወደ ፊት አብርታችሁ እዩ። የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ሻጋታ ነው። ተፈትቶ ተጠግኖ እንደሆነም ጠይቁ፤ ሲገጠም ጎማው በቦታው ካልተመለሰ ሌንሱ ዝናብ አይችልም።

5. ኮፍያው (ሌንሱ ጫፍ ላይ የሚገጠመው ጥላ) ረጅም ይሁን። የቴሌ ሌንስ፣ ማለትም ሩቁን የሚያቀርበው፣ ጥልቅ ኮፍያ ጠብታውን ከመስታወቱ ያርቃል፤ የሰፊ ሌንስ አጭር ኮፍያ ግን ለዝናብ ብዙም አይረዳም። ከላይ ትልቅ ፌስታል አልብሳችሁ ኮፍያው ላይ በላስቲክ እሰሩት። ሌንስ ዝናብ ውስጥ አትቀይሩ።

ስትመለሱ የካሜራውን ውጭ አድርቃችሁ ቦርሳው ውስጥ ዝጉት፣ ደብረ ብርሃን ያለው ሞቃት ክፍል ውስጥም ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳትከፍቱት ይቆይ። ከጓሳ ብርድ የመጣ መስታወት በሞቀ አየር ሲገለጥ ላዩ ላይ ጤዛ ይቋጥራል። ከሰል ምድጃ አጠገብ አታድርጉት፤ ሩዝ ውስጥ መቅበርም አቧራ ያስገባል እንጂ አያደርቅም። ከዚያ በኋላ ከሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) ከረጢቶች ጋር ክዳኑ ጥብቅ ብሎ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት። ከረጢቶቹ እርጥበት ሲጠግቡ ይቀየሩ።