የቲዮል ፕሮቦች በሕያው ሕዋስ ላይ ሲያስቸግሩ፦ ችግርና መፍትሄ

ቲዮል ማለት ሰልፈርና ሃይድሮጅን የተያያዙበት የሞለኪውል ክፍል ነው። በማሌይሚድ (ቲዮልን የሚይዝ ቀለበት ያለው ኬሚካል) ላይ የተሠሩ ፍሉረሰንት ፕሮቦች፣ ማለትም የሚያበሩ መለያ ሞለኪውሎች፣ ቲዮል እስኪያገኙ ድረስ ብርሃናቸው ታፍኖ ይቆያል። ችግሩ ግን የበራው ሁሉ ቲዮል፣ የጨለመውም ሁሉ ቲዮል የሌለው አለመሆኑ ነው።

ውጤቱ ከቀን ወደ ቀን ሲለዋወጥ፦ ፕሮቡ የሚሟሟበት ፈሳሽ፣ ዲኤምኤስኦ፣ 18.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ይረጋል። ስለዚህ በብርዱ ወራት ሐረር ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ያደረ ብልቃጥ ጠዋት ግማሹ ረግቶ ሊገኝ ይችላል፤ ከላይ ያለውን ፈሳሽ ብቻ በፒፔት የሳበ ሰው ያሰበውን መጠን አያገኝም። ሙሉ በሙሉ አቅልጦ፣ በደንብ በጥብጦ መቅዳት ያስፈልጋል።

ሕዋሱ ጨልሞ ሲቀር፦ የድሬዳዋ ጣጣ ደግሞ ሙቀቱ ነው። ጠዋት በቡፈር (ፒኤቹ በቀላሉ በማይለዋወጥ ፈሳሽ) ተበጥብጦ እስከ ከሰዓት የቆየ ፕሮብ፣ በተለይ ፒኤቹ ከ8 በላይ ከሆነ፣ የማሌይሚዱ ቀለበት በውሃ ተከፍቶ ቲዮልን መያዝ ያቅተዋል። ፕሮቡን በትንንሽ ቲዩብ ከፋፍሎ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥና ከቡፈር ጋር የሚቀላቀለውን በሚሠራበት ሰዓት ማዘጋጀት ይበጃል። ጥርጣሬ ካለ ጥቂት ግሉታታዮን (ሕዋስ ውስጥ በብዛት የሚገኝ፣ ቲዮል ያለው ሞለኪውል) ባለበት ቲዩብ ላይ ይሞከር፤ እዚያ ከበራ ፕሮቡ ደህና ነው፣ ወደ ሕዋሱ አለመግባቱ ይመርመር።

ከሕዋሱ ውጭ ያለው ሁሉ ሲበራ፦ ለሕዋሱ ማሳደጊያ በሚጨመረው ሴረም (የደም ፈሳሽ ክፍል) ውስጥ ያለው አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን 34ኛ አሚኖ አሲዱ ላይ ነጻ ቲዮል ስላለው ፕሮቡን ይሻማል። ሴረም በሌለበት ቡፈር ሁለት ሦስት ጊዜ ማጠብ በቂ ነው።

ቲዮሉ ተዘግቶም ብርሃኑ ሲቀጥል፦ ሕዋሱን አስቀድሞ ለ30 ደቂቃ ያህል በ1 ሚሊሞላር ኤን-ኤቲልማሌይሚድ (ቲዮልን በሚዘጋ ኬሚካል) ማከም ብርሃኑን በእጅጉ ማዳከም አለበት። ካላዳከመው ሕዋሱ ራሱ እያበራ ይሆናል፤ በሕዋሱ ውስጥ በተፈጥሮ ካሉት ሞለኪውሎች ኤንኤዲኤች በአልትራቫዮሌት ሲመታ ሰማያዊ፣ ፍላቪኖች ደግሞ አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣሉና። እኔ ፕሮብ ያልነካውን ሕዋስ በዚያው የካሜራ ቅንብር ሳላነሳ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል «ግሉታታዮን» እያልሁ የመዘገብሁት ይህንኑ ነበር። ያልተቀባውን አስቀድሞ ማንሳት፣ ከተቻለም በቀይ የሚያበራ ፕሮብ መምረጥ ይሻላል።

«ሲስቴይን ጨመረ» የሚል ውጤት ሲገኝ፦ ግሉታታዮን በሕዋስ ውስጥ ከ1 እስከ 10 ሚሊሞላር ሲደርስ ሲስቴይን (ቲዮል ያለው አሚኖ አሲድ) የሚለካው በማይክሮሞላር፣ ማለትም በሚሊሞላር ሺህኛ፣ ነው፤ ማሌይሚድም የፕሮቲኖችን ቲዮል ጭምር ይይዛል እንጂ ለይቶ አይዝም። ሲስቴይንን ለብቻው ለሚፈልግ፣ በማሌይሚድ ፈንታ አክሪሌት በተባለ ክፍል የተሠራ፣ ከሲስቴይን ጋር ፈጥኖ ቀለበት የሚሠራ ፕሮብ ይቀርባል፤ እሱም ቢሆን በቅድሚያ 5 ሚሊሞላር ግሉታታዮን ብቻ ባለበት ቲዩብ ጨልሞ መቆየቱ ይረጋገጥ።