ድል አድራጊዎች የሰላም ውል ሲጽፉ፦ ስናጠናና ስንከራከር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነትን ያወቁት ከመጽሐፍ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የደረሰብን ገና ከአፋችን አልወረደም። ከዚያ በፊትም ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ እዚሁ ደሴ ሳሉ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደብድበዋል። ስለዚህ ፒያሳ ቡና ላይም ይሁን ክፍል ውስጥ የጦርነት ነገር ሲነሣ ማንም የሚለው አያጣም። አሸናፊዎች ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ተቀምጠው ስለሚጽፉት ውል ሲነሣ ግን ጨዋታው ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ «አሸናፊ ከሆነ ምን ድርድር ያሻዋል? የፈለገውን ይወስዳል» ተብሎ ይዘጋል።

የታሪክ መምህር ነኝና ይህ አባባል በተማሪዎቼ ጽሑፍ ውስጥ መልኩን እየለዋወጠ ሲመላለስ አያለሁ። ጉዳዩ ደግሞ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም። ከደሴ ወደ ወልድያ ስንሄድ የምናልፋት ውጫሌ ስሟ በዓለም የውል ታሪክ ተመዝግቧል። ኢትዮጵያም ከዓድዋ በኋላና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሸናፊነት የሰላም ውል ፈርማለች። እነዚህን ውሎች በትክክል ለማንበብ መጀመሪያ የሚከተሉትን ስህተቶች ማረም ያስፈልጋል።

ድርድሩ በአሸናፊና በተሸናፊ መካከል ነው ብሎ መነሣት

ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ከሌሎቹም ብዙዎቹ ከዚሁ ይወለዳሉ። ከትልቅ ጦርነት በኋላ ከባዱ ድርድር የሚካሄደው በአሸናፊዎቹ በራሳቸው መካከል ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፓሪሱ የሰላም ጉባኤ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 1919 ሲከፈት የተሸነፈችው ጀርመን አልተጠራችም። ዋናው ጉዳይ ከመጋቢት ወዲህ በአራት ሰዎች እጅ ገባ፤ የፈረንሣዩ ክሌማንሶ፣ የእንግሊዙ ሎይድ ጆርጅ፣ የአሜሪካው ዊልሰንና የኢጣሊያው ኦርላንዶ። አራቱም አሸናፊ ናቸው፤ የሚፈልጉት ግን አንድ አልነበረም። ክሌማንሶ በዕድሜው ሁለት ጊዜ፣ በ1870 እና በ1914፣ የጀርመን ጦር አገሩን ሲወር ያየ ሰው ነው። የራይን ወንዝ የጀርመን የምዕራብ ድንበር እንዲሆንና ከወንዙ ወዲህ ያለው ምድር ከጀርመን እንዲለይ ፈለገ። ሎይድ ጆርጅ የጀርመን የባሕር ኃይል ከጠፋለት በኋላ የሚያሳስበው ሌላ ነበር፦ ጀርመን ከመጠን በላይ ከተደቆሰች ፈረንሣይ ብቻዋን በአውሮፓ ትገናለች፣ ጀርመኖችም ወደ ቦልሼቪኮች (ወደ ሩሲያ ኮሚኒስቶች) ይሄዳሉ ብሎ ሰጋ። ዊልሰን ከሁሉ በላይ የመንግሥታት ማኅበር እንዲቋቋም ፈለገ። ኦርላንዶ ደግሞ በ1915 በሎንዶን በምሥጢር ቃል የተገባለትን መሬት ይዞ መጣ፤ በዚያ ላይ የፊዩሜን ወደብ ጨመረበት። ዊልሰን አልሰጥም ሲል ኦርላንዶ በሚያዝያ ጉባኤውን ጥሎ ወደ ሮም ሄደ።

የራይኑ ጉዳይ እንዴት እንደተቋጨ እዩ። ክሌማንሶ የራይንን ድንበር ተወ። በምትኩ ሦስት ነገር አገኘ፦ የራይን ምድር ለ15 ዓመት በአሸናፊዎች ጦር እንዲያዝ፣ ጀርመን በዚያ አካባቢ ጦር እንዳታሰፍር፣ ጀርመን ፈረንሣይን ብትወጋ ደግሞ አሜሪካና እንግሊዝ እንዲደርሱላት የዋስትና ውል። ዋስትናውን የአሜሪካ ሴኔት አላጸደቀውም፤ የእንግሊዙም በአሜሪካው ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር አብሮ ወደቀ። ፈረንሣይ ድንበሩንም ዋስትናውንም አጣች። በ1920ዎቹ በጀርመን ላይ ያሳየችው ግትርነት ብዙዎች እንደሚጽፉት ከበቀል ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከወዳጆቿ ያልተከፈላትን ዕዳ ካላየን አይገባንም።

ጀርመኖች የውሉን ረቂቅ የተቀበሉት ሜይ 7 ቀን ነው። አስተያየታቸውን በጽሑፍ ብቻ እንዲያቀርቡ ተነገራቸው፤ ፊት ለፊት ክርክር የለም። ከለውጦቹ ጎልቶ የሚታየው በላይኛው ሲሌዥያ ሕዝበ ውሳኔ እንዲደረግ መፈቀዱ ነው። ጁን 28 ቀን 1919 በቬርሳይ ፈረሙ።

ይህ የቬርሳይ ብቻ ጠባይ እንዳይመስላችሁ። ናፖሊዮን ከወደቀ በኋላ በቪየና ጉባኤ አሸናፊዎቹ በፖላንድና በሳክሶኒ ጉዳይ ክፉኛ ተጣሉ። ጃንዋሪ 3 ቀን 1815 እንግሊዝና ኦስትሪያ በሩሲያና በፕሩሲያ ላይ የምሥጢር ውል ሲፈርሙ ሦስተኛዋ ፈራሚ ማን ነበረች? የተሸነፈችው ፈረንሣይ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ በታሌራን አማካይነት። የአሸናፊዎች ጠብ ለተሸናፊ በር ይከፍታል። ስለ ማንኛውም የሰላም ውል ስትጽፉ ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «አሸናፊው ከጠላቱ ምን ወሰደ?» አይሁን፤ «እያንዳንዱ አሸናፊ ከወዳጁ ምን ፈለገ፣ ምን ተከለከለ?» ይሁን።

እንደ ሽምግልና ማየት

በእኛ በወሎ ደም የተቃቡ ሰዎች ሲታረቁ ሽማግሌዎችና አባጋሮች በመካከል ይገባሉ። ከሁለቱም ወገን ያልሆኑ፣ በሁለቱም የተከበሩ ናቸው፤ ካሳውን የሚቆርጡት እነሱ እንጂ የተበደለው ወገን አይደለም። በዚህ ስላደግን ቬርሳይን ስናነብ ሳናውቀው በመካከል ሽማግሌ እንፈልጋለን፤ «ለምን ፍትሐዊ አልሆነም?» ብለንም እንደነቃለን። በድል አድራጊ ውል ውስጥ ግን ተበዳይ ነኝ የሚለው ወገን ራሱ ዳኛ ነው። ይህን ማወቅ ግፉን ትክክል አያደርገውም፤ ስለ ምን ዓይነት ጉባኤ እየጻፍን እንደሆነ ይለይልናል።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመውን ስምምነት ከቬርሳይ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው «ማን አሸነፈ፣ ማን ተሸነፈ» እያሉ የሚያወዳድሩ አሉ። ያ በአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪነት፣ በአንድ አገር ውስጥ ባሉ ወገኖች መካከል የተደረገ ግጭት የማቆም ስምምነት ነው። የሁለቱ አወጣጥ የተለያየ ነው፤ በአንድ ሚዛን አይለኩም።

ተኩስ አቁምን ሰላም ማለት

በአጭሩ፦ ኖቬምበር 11 ቀን 1918 የተፈረመው የተኩስ አቁም ነው። የሰላሙ ውል ከሰባት ወር በላይ ዘግይቶ መጣ፤ በዚያ መሃል በጀርመን ላይ የነበረው የባሕር ከበባ አልተነሣም ነበር። ሁለቱን መለየት የሚያስፈልገው ለቀን ትክክለኛነት ብቻ አይደለም። የጀርመን ወታደሮች ጦርነቱ ሲቆም ገና በሰው አገር መሬት ላይ ነበሩ፤ በሰልፍ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ብዙ ጀርመናዊ «ጦራችን አልተሸነፈም፣ ከኋላ ተወጋ» የሚለውን ውሸት ያመነው ከዚህ የተነሣ ነው። በ1945 አሸናፊዎቹ ያለ ቅድመ ሁኔታ እጅ መስጠትን የጠየቁትና አገሪቱን ሙሉ በሙሉ የያዙት ይህ ትዝ እያላቸው ነው።

የካሳውን ቁጥር አይቶ መደምደም

«ጀርመን 132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ እንድትከፍል በቬርሳይ ተፈረደባት» የሚል ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳረምኩ አላውቅም። ሁለት ነገር ጎድሎታል። አንደኛ፣ ቁጥሩ በቬርሳይ ውል ውስጥ የለም። አሸናፊዎቹ መስማማት ስላቃታቸው ጉዳዩን ለኮሚሽን ጣሉት፤ ቁጥሩ የወጣው በ1921 ነው። ሁለተኛ፣ 132ቱ ቢሊዮን በሦስት ዓይነት ቦንድ ተከፍሎ ነበር። የሁለቱ ዓይነት ድምር 50 ቢሊዮን ሲሆን ይከፈላል ተብሎ የታሰበው እሱ ነው። የቀረው 82 ቢሊዮን እንደማይሰበሰብ አዋቂዎቹ ያውቁ ነበር።

ታዲያ ለምን ተጻፈ? የፈረንሣይና የእንግሊዝ ሕዝብ «ጀርመን ሁሉን ትከፍላለች» ተብሎ ተስፋ ተሰጥቶት ነበር። መሪዎቹ ለአገራቸው መራጭ የሚያሳዩት ትልቅ ቁጥር ያስፈልጋቸዋል፣ ጀርመን የምትችለው ደግሞ ትንሽ ቁጥር ነው። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ አስቀመጧቸው። በመጨረሻም የታሪክ ምሁራን እንደሚገምቱት የተከፈለው 20 ቢሊዮን ማርክ ገደማ ነው።

ለማነጻጸር ወደ ኋላ ሂዱ። ፈረንሣይ በ1871 በፍራንክፈርት ውል የተጣለባትን 5 ቢሊዮን ፍራንክ በ1873 ከፍላ ጨረሰች፤ የጀርመን ጦርም ከምድሯ ወጣ። ከ1815 በኋላም 700 ሚሊዮን ፍራንክ ተጥሎባት ነበርና የያዛት ጦር ከአምስቱ ዓመት ቀድሞ በ1818 ወጥቷል። በሁለቱም ጊዜ መጠኑ ከመጀመሪያው ታውቋል፣ የሚያበቃበትም ቀን ነበረው። በእኔ ግምት የ1919 ካሳ ትልቁ ጉድለት ክብደቱ አይደለም፤ ጀርመኖች መጠኑን ሳያውቁ መፈረማቸው ነው።

ከቬርሳይ ወደ ሂትለር ቀጥ ያለ መስመር መሳብ

በፈተና ወረቀት ላይ በብዛት የማነበው ይህን ነው። በ1919 ውሉ ተፈረመ፣ ሂትለር መጣ። በመካከል 14 ዓመት አለ። በ1924 ካሳው በዶውስ ዕቅድ ተስተካከለ፣ በ1925 የምዕራብ ድንበሮችን ያጸናው የሎካርኖ ስምምነት መጣ፣ በ1926 ጀርመን ወደ መንግሥታት ማኅበር ገባች። በሜይ 1928 ምርጫ ናዚዎች ያገኙት ድምፅ 2.6 በመቶ ነበር። በጁላይ 1932 37.3 በመቶ ሆነ። በሁለቱ ምርጫዎች መካከል የተለወጠው ውሉ አይደለም፤ በ1929 የጀመረው የዓለም የኢኮኖሚ ውድቀት ነው። ቂሙ ነበር፤ ቂሙን ወደ ሥልጣን የወሰደው ግን ሥራ ማጣትና ረኃብ ነው።

አሸናፊ ሁሉን መጠየቅ ይችል ነበር ማለት

«ምኒልክ ዓድዋ ላይ ካሸነፉ ለምን ኤርትራን አልወሰዱም?» ይህ ጥያቄ ደሴ ላይ እንደ አዲስ ሁልጊዜ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን በስድብ ወይም በውዳሴ መጨረሱ ነው ስህተቱ። የአሸናፊ ጉልበት የሚለካው በድሉ ቀን አይደለም፤ በሚፈርምበት ቀን ባለው ስንቅ፣ ጦርና ጊዜ ነው። አገሪቱ ከክፉ ቀን ረኃብ ገና አላገገመችም ነበር። ያን ያህል ሠራዊት በዚያ በተራቆተ ምድር ማቆየት ከባድ ነው። ኢጣሊያ ደግሞ በባሕር አዲስ ጦር ታስገባ ነበር። በዚህ ሁኔታ ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው ውል ዋናውን ነገር አስገኘ፤ የውጫሌ ውል ተሻረ፣ ኢጣሊያም የኢትዮጵያን ሙሉ ነጻነት አወቀች። መረብ ጊዜያዊ ወሰን ሆኖ ቀረ። የበለጠ ማግኘት ይቻል ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል፤ የሚከራከር ግን ከስንቁ ይጀምር።

ስለ ቀን አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቀኖችን በዛሬው አቆጣጠር የሚመልሱ ልጆች በአንድ ቀን ይስታሉ። የውጫሌ ውል የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆች ሜይ 2 ቀን 1889 ይሆናል። በዛሬው ስሌት ግን ሚያዝያ 25 ሜይ 3 ላይ ይውላል። ፈረንጆች 1900ን ባለ 366 ቀን ዓመት ስላላደረጉት ነው ልዩነቱ የሰፋው። ሁለቱንም ቀን ጻፉ፣ ከየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም አመልክቱ።

ፊርማውን መጨረሻ ማድረግ

በኦገስት 1920 የተፈረመው የሴቭር ውል ቱርክን ቆራርጦ ነበር። የሙስጠፋ ከማል ጦር በሜዳ አልቀበልም አለ፤ በ1923 አሸናፊዎቹ ሎዛን ላይ አዲስ ውል ለመፈረም ተገደዱ። ውል የሚጸናው የሚያስፈጽመው ኃይል እስካለ ድረስ ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. በፓሪስ ከኢጣሊያ ጋር የተፈረመው ነው፤ ደሴን በቦምብ ካቃጠለው ጦርነት በኋላ የተጻፈ ውል። ከዚያ በፊት በተደረገው፣ እ.ኤ.አ. በ1946ቱ የፓሪስ ጉባኤ 21 አገሮች ተቀምጠዋል፤ በአክሊሉ ሀብተ ወልድ የሚመራው የኢትዮጵያ ልዑክም አለበት። ረቂቁን ግን አስቀድመው ያዘጋጁት የአራቱ ኃያላን (የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሣይና የሶቪየት ኅብረት) የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ነበሩ፤ 21ዱ ማሻሻያ ከማሳሰብ አያልፉም። ከላይ ያልኩት እዚህም ሠራ፤ ኢትዮጵያ አሸናፊ ብትሆንም ከተሸናፊዋ ይልቅ ያስቸገሯት ሌሎቹ አሸናፊዎች ናቸው።

ውሉ ምን ሰጣት? 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ፤ ለዩጎዝላቪያ 125፣ ለግሪክ 105 ሚሊዮን ተቆርጧል። አንቀጽ 37 ኢጣሊያ ከኢትዮጵያ የዘረፈችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያዝዛል፤ የአክሱም ሐውልት የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። ኢጣሊያ ኤርትራን ለቀቀች፣ ለማን እንደምትሰጥ ግን ውሉ አልወሰነም። አራቱ ኃያላን በአንድ ዓመት ውስጥ ይስማሙ፣ ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ የተባበሩት መንግሥታት ይሂድ ተባለ። አልተስማሙም። ጠቅላላ ጉባኤው የፌዴሬሽኑን ውሳኔ ያሳለፈው ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ሲሆን በሥራ ላይ የዋለው በመስከረም 1945 ዓ.ም. ነው። የ1939ኙን ውል ለማጥናት የተነሣ ተማሪ ቢያንስ እስከዚያ መስከረም ድረስ መከተል አለበት።