የጓደኞቻችንን የሰርግ ፎቶ ስንዳኝ

ዐቢይ ጾም ሲገባ የሰርግ ፎቶ አንሺ ትንፋሽ ያገኛል። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ቅዳሜና እሁድን ሲሮጥ የከረመ ሁሉ ሃርድ ዲስኩን ታቅፎ ይቀመጣል። 55 ቀን ሙሉ ሥራው ኤዲት ማድረግ፣ አልበም ማሰናዳትና «የኔ ፎቶ መቼ ነው የሚደርሰው?» የሚሉ ሙሽሮችን ማባበል ነው። እኛም አዲስ አበባ ውስጥ በሰርግ ሥራ የምንተዋወቅ ጥቂት ጓደኛሞች ውድድራችንን የምናደርገው በዚህ ሰሞን ነው። «ቅዳሜ ሰርግ አለብኝ» ብሎ የሚቀር ብዙ የለም። የጥር ፎቶዎችም ገና ትኩስ ናቸው።

ዳኝነቱ ብዙ ጊዜ እኔ ላይ ይወድቃል። «አፍሽ አያርፍም» ስለሚሉኝ ይመስለኛል። እናንተም ከሙያ ጓደኞቻችሁ ጋር እንዲህ ያለ የወዳጅነት ውድድር ካሰባችሁ፣ እኛ ጋ የሠራልን እንዲህ ነው።

ይሉኝታን ከጠረጴዛው ማውረድ

ከ10 ነጥብ መስጠት የሚባለውን ነገር ተዉት። ለጓደኛ ከ10 ስጡ ሲባል ሁሉም 8 ያገኛል። ደከም ያለው 7 ተኩል፣ የወደድነው 8 ተኩል። ሲደመር ሁሉም እኩል ይሆንና ማን እንዳሸነፈ ለማወቅ ዕጣ መጣል ይቀራል። ስለዚህ ዳኛው ነጥብ አይስጥ፣ ደረጃ ያስይዝ። እያንዳንዱ ዳኛ ከሁሉ የወደዳቸውን የ5 ፎቶዎች ቁጥር በቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ይጽፋል። አንደኛ ያለው 5 ነጥብ ያገኛል፣ ሁለተኛው 4፣ እንዲህ እያለ እስከ 1። ይደመራል፣ አለቀ። ሁለት ፎቶ እኩል ከወጣ ሁለቱን ብቻ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እንደገና በወረቀት ምረጡ።

ወረቀቶቹ ተሰብስበው እስኪያልቁ ማንም ስለ ፎቶዎቹ አይናገር። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ሳትጠበቅ ስትቀር ውድድሩን ታበላሻለች። ከመካከላችን በፊልም ዘመን የጀመሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው አሉ። እሳቸው አንዱን ፎቶ አንስተው «ይቺማ ጥሩ ናት» ካሉ በኋላ ሌላ የሚመርጥ ወንድ አላየሁም፤ ሴትም። ይሄን እሳቸውም ስለሚያውቁ አሁን አሁን ወረቀታቸውን አጥፈው ከሰጡ በኋላ ነው አፋቸውን የሚከፍቱት።

ዳኞቹ 3 ወይም 5 ይሁኑ። ፎቶ ያስገባ አይዳኝም። ዳኛው በረዳትነት የሠራበት ሰርግ ፎቶ ከገባም ሌላ ዳኛ ፈልጉ። ከተቻለ ደግሞ ካሜራ የማይዝ ሰው አስገቡ። እኛ አልበም የሚያትምልንን ልጅ አስገብተን በጣም ተጠቅመናል። እሱ የሁላችንንም ጉድ ያውቃል፤ ጨለማው ውስጥ ምን እንደቀረ፣ የቬሎው ነጭ የት ቦታ እንደተቃጠለ። ካገባች ጥቂት ዓመት የሆናት ሴትም ጥሩ ዳኛ ናት። እኛ ስለ ብርሃኑ ስንብሰለሰል እሷ «የልጅቷ እናት የታሉ?» ትላለች።

ስም ስለመደበቅ በአጭሩ። ፎቶዎቹን የሚሰበስበው የማይወዳደርና የማይዳኝ ሰው ይሁን። ከአንድ ሰው 3 ፎቶ ይበቃል። በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ አለዚያ ተጨምቆ ጥራቱ ይቀንሳል። ፋይሉ ግን የካሜራውን ዓይነት፣ ቀኑን፣ አንዳንዴም የባለቤቱን ስም ይዞ ስለሚመጣ ሰብሳቢው ያንን አጥፍቶ በቁጥር ይሰይመው። ሎጎ ያለበት አይገባም። ይሄ ሁሉ ተደርጎም እጅ ይታወቃል፤ ብርቱካንማ ቆዳና ወደ ጥቁር ያደላ ቅጠል ስታዩ የማን ፕሪሴት (ለኤዲት አስቀድሞ የተዘጋጀ የቀለም ቅንብር) እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከሙያችን ውጭ የመጣ ዳኛ የሚያስፈልገው ለዚህም ነው።

ከቻላችሁ ሁሉንም በአንድ መጠን፣ 10 በ15 ሳንቲሜትር አሳትሙና ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ካልሆነ ሁሉም ዳኛ በአንድ ስክሪን ይይ። አንዱ በስልኩ፣ ሌላው በላፕቶፑ ካየ የዳኙት አንድ ፎቶ አይደለም።

ገንዘቡ የሠራውና ሰውየው የሠራው

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንድ የሰርግ ፎቶ ሲያስደምመኝ መጀመሪያ ራሴን የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ ከዚህ ውስጥ ገንዘቡ የሠራው የቱ ነው? ፎቶ አንሺው የሠራውስ?

ከጣሪያ የተንጠለጠለ አበባ፣ ወለሉን የሞላ ጭስ፣ ከመድረኩ ግራና ቀኝ የሚፈነጥቅ ርችት፣ የተከራየ አሮጌ መኪና። ይሄ ሁሉ ሲደመር ዓይን ይይዛል። ግን መድረኩ ፊት ለፊት ሰፊ ሌንስ ይዞ የቆመ ማንም ሰው ያንን ፎቶ ያገኘዋል። የመረጥነው የዲኮር ሠሪዋን ሥራ ነው ማለት ነው። እሷም ጎበዝ ናት፤ ውድድሩ ግን የሷ አይደለም። ሙሽሪትም እንዲሁ ናት። በጣም ቆንጆ ሙሽራ ያለችበት ፎቶ ሁልጊዜ ከሚገባው ሁለት ደረጃ ከፍ ብሎ ይወጣል። ሙሽሪትን በአውራ ጣታችሁ ሸፍኑና ፎቶው ውስጥ ምን እንደቀረ እዩ።

በተቃራኒው በግቢ ውስጥ የተጣለ ድንኳን አስቡ። ከቀትር በኋላ ነው፤ የሸራው ቀለም ሰው ሁሉ ፊት ላይ አርፏል። ሰማያዊ ሸራ ከሆነ ሙሽራው በረዶ ውስጥ የቆየ ይመስላል። ሥራውን የሚያውቅ ሙሽሮቹን ወደ ድንኳኑ ጠርዝ ያመጣቸዋል፤ ብርሃኑ ከጎን፣ ከክፍቱ በኩል እንዲገባ። ያ ፎቶ በድምቀት ከአዳራሹ አይበልጥም። ሰው ያሰበበት መሆኑ ግን ይታያል።

ይሄን ስል መከራ ይሸለም ማለቴ አይደለም። «ዝናብ ነበረ፣ ፍላሼ ጠፋ፣ በወንበር ላይ ቆሜ ነው ያነሳሁት» የሚል ማብራሪያ ዳኛ ጆሮ አይግባ። ፎቶው ላይ ካልታየ የለም። የሚታየው ውሳኔ ነው። እኔ ሦስት ጥያቄ ይዤ እዞራለሁ፦ የት ቆመ? የካሜራውን ቁልፍ መቼ ተጫነ? ምን አስቀረ?

ጉልበት መሳምን ልውሰድ፤ በየሰርጉ ስላለ ለመዳኘት ጥሩ ነው። ሙሽሮቹ ጎንበስ ብለው የወላጆቻቸውን ጉልበት ይስማሉ። ከሚቀርቡልን ፎቶዎች አብዛኞቹ ከጀርባ ናቸው፤ ያጎነበሰ ቬሎ፣ የቪዲዮው መብራት፣ በዙሪያው የስልክ አጥር። አንዳንዱ ግን እናትየው ልጇን በሁለት እጅ ይዛ ቀና እንደምታደርጋት አስቀድሞ ያውቃል። ሙሽሪት ሳትደርስ በፊት ከወላጆቹ ወንበር ጎን ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። ስለዚህ የእናትየውን ፊትና የሙሽሪትን ፊት ባንድ ላይ ያገኛል። ነገሩ ካመለጠ ደግሞ ማስደገም አይቻልም። አስደግመው የሚያነሱ አሉ፤ ሁለተኛው እንባ ግን ያስታውቃል። የት ቆመ፣ መቼ ተጫነ ማለቴ ይሄ ነው። ምን አስቀረ ማለት ደግሞ ከኋላ ያለውን የለስላሳ ሳጥንና የአጎት ልጅ ስልክ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ብሎ አስቀርቶታል ወይስ ጥሎት ሄዷል?

ሁለት ጊዜ ማየት

የአሜሪካ የባለሙያ ፎቶግራፈሮች ማኅበር ፎቶ የሚዳኝባቸው 12 መመዘኛዎች አሉት። ዝርዝሩን የሚጀምረው በቴክኒክ አይደለም፤ ፎቶው መጀመሪያ ሲታይ ሰው ላይ በሚያሳድረው ስሜት ነው። 12ቱን ሽሮ በቀረበበት ጠረጴዛ ላይ መቁጠር አይመቸንም። ቅደም ተከተሉ ግን ልክ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዙር ፈጣን ነው፤ ሁሉንም ፎቶ አንድ በአንድ፣ ጥቂት ሰከንድ ብቻ፣ ሳትጽፉ። ዓይናችሁ የቱ ላይ እንደቆመ ልብ በሉ። ይሄ ዙር ሌላም ጥቅም አለው። መጀመሪያ የመጡ ፎቶዎች ላይ ሰው ይቆጠባል፤ «ገና የተሻለ ይመጣል» ይላል። ሁሉንም አይቶ የጨረሰ ዳኛ እንዲህ አይልም። ከዚያ ቅደም ተከተሉን በውዛችሁ ሁለተኛውን ዙር ቀስ ብላችሁ ተመልከቱ።

በሁለተኛው ዙር እኔ የምጀምረው ከቆዳ ነው። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርስ ይሞክራል። ቬሎው ክፈፉን ሲሞላ ይደነግጥና ፎቶውን ያጨልመዋል፤ ጠይም ፊት የባሰ ይጠቁራል። ይሄንን ያላወቀ ሰው በኋላ ፊቱን በኤዲት ጎትቶ ያበራዋል፤ ያኔ ቆዳው አመድ ይመስላል። ደህና ሥራ ከሆነ ፊቱ የፊት ቀለም አለው፣ የሀበሻ ቀሚሱ ጥበብም ክሩ ይቆጠራል።

ቆዳ ማንጣትን በተመለከተ ግን ጨካኝ ነኝ። የሙሽሪትን ፊት ከእጇ ጋር አስተያዩ። ቀጥሎ አጠገቧ ከቆመችው እህቷ ጋር። ፊቷ ብቻ ሁለት ደረጃ ከነጣ ፎቶው ይውጣ። «ሜካፑ ነው» የሚል ይኖራል፤ አንዳንዴም እውነቱን ነው። ለዚህ ነው ወደ መጨረሻ ያለፉ ፎቶዎችን ኤዲት ያልነካው ፋይል የምንጠይቀው። የዓለም የፕሬስ ፎቶ ውድድርም ለመጨረሻ ካለፉት ይሄንኑ ይጠይቃል። የኛ ዜና ስላልሆነ ላላ እንላለን። ግድግዳ ላይ ያለ ማብሪያ ማጥፊያ ወይም የወደቀ ናፕኪን ማጥፋት ይቻላል። ሰማይ መቀየር፣ በኤአይ ጀርባ መጨመር፣ አጎት ማጥፋት አይቻልም። ሕጉን ግን ፎቶ ከመሰብሰቡ በፊት ንገሩ፤ ካለፈ በኋላ የወጣ ሕግ ጠብ ነው።

የአዳራሽ ሐምራዊ መብራት ላይ አዝናለሁ። ማንም አያመልጠውም። ግን ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጎ ሐምራዊውን መደበቅ የተለመደ ዘዴ ስለሆነ፣ ጥቁርና ነጭ ስታዩ «ቀለሙ ቢኖር ይሻል ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ጨለማ ውስጥ ሲነሳ በሚመጣ ነጠብጣብ ትንሽ ሻካራ መሆን አያስቀንስም። ዓይን ላይ ያላረፈ ፎከስ ያስቀንሳል፤ አሁን ካሜራው ራሱ ዓይን ፈልጎ በሚይዝበት ዘመን ምክንያት የለውም።

ፎቶው እንዴት ተገኘ?

ዳኛ ይሄንንም ማየት አለበት። ተክሊል ላይ አክሊሉ ሲደፋ ከካህኑና ከሙሽሮቹ መካከል ገብቶ የተነሳ ፎቶ ያስታውቃል። የካህኑ ትከሻ ይገፋል፣ ዓይናቸውም ወደ ካሜራው ይዞራል። እንዲህ ያለውን እኔ ዝቅ አደርጋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሩቅ በረጅም ሌንስ፣ ያለ ፍላሽ የተነሳ ትንሽ ሻካራ ፎቶ ይበልጥብኛል።

ሴት በመሆኔ የሙስሊም ሰርግ ላይ የሴቶቹ ዝግጅት ውስጥ እገባለሁ። እዚያ የሚያምር ነገር አለ፤ ሂናው፣ ጭፈራው፣ እናቶች ሲዝናኑ። ያ ፎቶ ለቤተሰቡ ብቻ ተብሎ የተነሳ ነው። ለጓደኞቻችን ጠረጴዛም ቢሆን ያለ ሙሽሪት ፈቃድ አይመጣም። ደግሞ ከዳኞቹ ግማሹ ወንድ ናቸው። ለሌሎቹም ሰርጎች ቢሆን ሙሽሮቹን መጠየቅ አይከብድም። «ፎቶአችሁን ለውድድር ላስገባው ነው» ሲባሉ ደስ የማይላቸው ጥቂት ናቸው።

ውጤቱን መናገር

ስሞቹ የሚገለጡት አስተያየቱ ካለቀ በኋላ ነው። ስለ ቁጥር 14 ስናወራ የቁጥር 14 ባለቤት ሽሮውን እየበላ ይሰማል። ፊቱ ቢያስታውቅበትም ዝም ይላል። ስሙ ከታወቀ በኋላ የሚነገር አስተያየት ወዲያው ወደ ማጽናኛ ይለወጣል።

«አሪፍ ነው» አስተያየት አይደለም። «ሙሽሪት ስታምር!» ደግሞ ስለ ፎቶው ምንም አይልም። ጣታችሁን ፎቶው ላይ አድርጉና ተናገሩ። «እዚህ ጋ የሚዜው ክርን ባይገባ ኖሮ ዓይኔ ቀጥታ ወደ አባትየው ይሄድ ነበር።» እንዲህ የተባለ ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚያደርገው ነገር አለው። ለእያንዳንዱ ፎቶ አንድ የያዘውን ነገር፣ አንድ ያመለጠውን ነገር ንገሩ። ያመለጠው ከሌለ አትፍጠሩ።

ከ3ኛ በታች ደረጃ አይነበብም። ሰብሳቢው ጋ ወረቀቱ አለ፤ የፈለገ ለብቻው ይጠይቃል። የሚጠይቁት ብዙውን ጊዜ ጎበዞቹ ናቸው።

ሽልማቱ ትንሽ ይሁን። ገንዘብ ሲገባ ዳኛው ላይ ጣት ይቀሰራል። የኛ ሽልማት ክትፎ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ሁሉም ያዋጣል፣ አሸናፊው ብቻ አይከፍልም። ጥሬ ይሁን ለብለብ እሱ ወይም እሷ ይወስናሉ። ዳኛ እዚያ ውስጥ አይገባም።