ደካማ ጥንድ፦ መቼ ይወራረዱ፣ መቼ ቼክ (ሳይወራረዱ ማለፍ)?

በቴክሳስ ሆልደም ፖከር ደካማ ጥንድ ቺፕ (የመወራረጃ ገንዘብ) የሚያስበላው «እየመራሁ ይሆናል» ብለው ሲወራረዱበት ነው፤ የባሰው እጅ ይጥላል፣ የተሻለው ይከፍላል። ችግሩ የሚፈታው ጥያቄው ሲቀየር ነው፦ ተጋጣሚ ቢከፍል በምን ካርታ ይከፍላል?

6-6 ይዘው ፍሎፑ (የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች) 9-4-2 ሆኖ ምልክታቸው ከተለያየ፣ የፖቱን (የተጠራቀመውን ውርርድ) ሲሶ ይወራረዱ። ኪንግና ጃክ የያዘ ተጋጣሚ የሚያድኑት 6 ካርታዎች አሉ፤ ተርንና ሪቨርን (አራተኛውንና አምስተኛውን የጋራ ካርታ) በነፃ ካየ 25 በመቶ ገደማ ያገኛቸዋል። እሱን ማስጣል ራሱ ትርፍ ነው። ፍሎፑ ኪንግ-ኩዊን-9 ከሆነ ግን ያው 6-6 ቼክ ነው።

ሪቨር ላይ የሚመጣ ካርታ ስለሌለ «ልከላከል» የሚል ሰበብ አይሠራም። መጨረሻ ተናጋሪ ከሆኑ፣ ከሚከፍሉት እጆች ከግማሽ በላዩን ካላሸነፉ ቼክ ይበሉ። ሁሉን የሚከፍል ሰው ሲገጥም (አይጠፋም!) መካከለኛ ጥንድም ትወራረዳለች።