1234567890ን በስልክ ካልኩሌተር ብቻ እንዴት እንፈታታታለን

ፓስወርድ አስገባ ሲባል የስንቱ እጅ ቶሎ የሚሄድባት ቁጥር ናት፣ ውስጧን ገልጦ፣ ማለትም ከየትኞቹ ትናንሽ ቁጥሮች ብዜት እንደተሠራች ያየ ግን ጥቂት ነው። ወረቀት፣ እስክሪብቶና ስልክ ያዙ፣ ብዙ ስልክ ላይ ካልኩሌተሩን ከፍታችሁ አግድም ስታዞሩት የስኩዌር ሩት ምልክቷ ብቅ ትላለች፣ እሷን እንፈልጋታለን።

መጀመሪያ በአይን የሚታየውን አንሱላት። መጨረሻዋ 0 ስለሆነ ለ10 ትካፈላለች፣ ማለትም ለ2 እና ለ5። የቀረው 123456789 ነው፣ አሃዞቹን ስትደምሩ 45 ይመጣል፣ 45 ለ9 ስለሚካፈል ቁጥሩም ይካፈላል፣ 13717421 ይሰጣችኋል። እሱንም ደምሩት፣ 26፣ ስለዚህ ከ3 ጋር ጨርሰናል። ለ11 ደግሞ አንዱን አሃዝ እየደመሩ ቀጣዩን እየቀነሱ መሄድ ነው፣ 0 ወይም የ11 ብዜት ካልመጣ አይካፈልም፣ እዚህ 8 ነው የሚመጣው።

ሰው የሚሰለቸው እዚህ ጋ ነው። እኔ መብራት የጠፋ ማታ ለ7፣ ለ13፣ ለ17 እያልኩ ፕራይም ቁጥሮችን (ትምህርት ቤት ብቸኛ ቁጥር ያሉንን፣ ለ1 እና ለራሳቸው ብቻ የሚካፈሉትን) በየተራ ሳካፍል ከ200 አለፍኩ፣ ሁሉም ነጥብ ያለው መልስ ሲያወጣብኝ በቃ ራሱ ፕራይም ነው ብዬ ዘጋሁት። ተሸወድኩ። በዛ መንገድ መልሱ ጋ ለመድረስ 500 ገደማ ፕራይም መሞከር ነበረብኝ።

አቋራጩን ያገኘው ፌርማ ነው፣ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ፣ እንጀራው ህግ ሆኖ ሂሳብን በትርፍ ሰዓቱ የሚሠራ ሰው። ዘዴው ሁላችንም የሸመደድናት ቀመር ናት፣ ሀ² − ለ² = (ሀ − ለ)(ሀ + ለ)። ሀ²ን ገምተን ቁጥራችንን ስንቀንስበት የሚቀረው ለ² ከሆነ፣ ማለትም ሩቱ ነጥብ ከሌለው፣ ሁለቱን አካፋዮች አገኘን ማለት ነው። የ13717421 ስኩዌር ሩት 3703.7 ነው፣ ወደላይ አጠጋግታችሁ 3704 በሉት። በራሱ ሲባዛ 13719616፣ ቁጥራችንን ቀንሱበት፣ 2195፣ ሩቱ 46.85 ምናምን ስለሆነ አይሆንም። አንድ ጨምሩ። 3705 በራሱ 13727025፣ ሲቀነስ 9604፣ ሩቷን ስትነኩ... 98! ነጥብ የለ ምን የለ። እንግዲህ 3705 − 98 = 3607፣ 3705 + 98 = 3803፣ አለቀ፣ በሁለተኛ ሙከራ።

ሁለቱም ፕራይም ናቸው፣ ለማረጋገጥ እስከየራሳቸው ስኩዌር ሩት ድረስ ያሉትን ፕራይሞች ብቻ መሞከር ይበቃል፣ ለ3607 እስከ 59፣ ለ3803 እስከ 61። ስለዚህ 1234567890 = 2 × 3² × 5 × 3607 × 3803።

ስንት አካፋይ አላት? እያንዳንዱ ፓወር ላይ 1 ደምሩና አባዙ፣ 2 × 3 × 2 × 2 × 2 = 48። ከራሷ በቀር ያሉት 47ቱ ሲደመሩ ደግሞ 1977042798 ይመጣሉ፣ ከራሷ ይበልጣሉ ማለት ነው።

ይሄ ዘዴ የሚፈጥነው ግን ሁለቱ ቁጥሮች ሲቀራረቡ ነው፣ ከተራራቁ እስኪነጋ አንድ አንድ ስትጨምሩ ታድራላችሁ። ሁለት ትላልቅ ፕራይሞችን በማባዛት የሚሠራው አርኤስኤ የሚባለው የኢንተርኔት መቆለፊያ ላይም ሁለቱ ፕራይሞች በጣም እንዳይቀራረቡ የሚጠነቀቁት ለዚሁ ነው።

መለማመጃ ከፈለጋችሁ ፌርማ ራሱ የፈታትን 2027651281ን ሞክሩ። ከ45030 ጀምሩ፣ 12ኛው ሙከራ ላይ ትፈታለች፣ ካልተፈታች የሆነ ቦታ ማባዛት ስታችኋል።