የቆሻሻ ማስወገጃ መከታተያ ጉድጓዶችን ለዘለቄታው ሲዘጉ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

በቆሻሻ ማስወገጃ ዙሪያ የተቆፈረ የከርሰ ምድር ውሃ መከታተያ ጉድጓድ አገልግሎቱን ጨርሶ ሳይደፈን ከቀረ፣ ከቆሻሻው የሚጣራው ጥቁር ፍሳሽ በቀጥታ ወደ ታችኛው ውሃ የሚወርድበት መንገድ ይሆናል። ጎንደር ላይ ደግሞ ከአፈሩ ስር ያለው አለት የተሰነጣጠቀ ባዛልት ነው፤ የአንገረብና የቀሃ ወንዞችም በመገጭ ወንዝ በኩል ወደ ጣና ይወርዳሉ። ስለዚህ አደፋፈኑ ላይ ቸልተኛ መሆን አይገባም። ክዳኑ ሲከፈት የሚቀጣጠል ጋዝ ሊወጣ ስለሚችል በአካባቢው እሳትና ሲጋራ መኖር የለበትም።

መለኪያው ከተመዘገበው ጥልቀት ሳይደርስ ይቆማል

30 ሜትር ተብሎ በተመዘገበ ጉድጓድ ውስጥ ገመዱ 22 ላይ ከላላ፣ መዝጋቱን ወዲያው አይጀምሩ። በገመዱ ጫፍ ያለው ክብደት ጭቃ ይዞ ከወጣ ደለል ነው፤ በንጹህ ውሃ ታጥቦ ይወጣል። ቀጭ ብሎ ከነካና ንጹህ ሆኖ ከወጣ ግን ድንጋይ ተጥሎበታል ወይም የፕላስቲክ ቧንቧው ተሰብሯል ማለት ሊሆን ስለሚችል፣ እንቅፋቱን አንስቶ ወይም በመቆፈሪያ ማሽን አልፎ እስከ መጨረሻው መድረስ ያስፈልጋል። ከእንቅፋቱ በላይ ብቻ መድፈን የታችኛውን 8 ሜትር ክፍት መተው ነው።

የሲሚንቶው ድብልቅ ይገባል እንጂ አይሞላም

የውስጥ ስፋቱ 50 ሚሊሜትር የሆነ ቧንቧ በየሜትሩ 2 ሊትር ያህል ይይዛል፤ 30 ሜትሩ ወደ 60 ሊትር ማለት ነው። አንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ከ25 ሊትር ውሃ ጋር ሲበጠበጥ 40 ሊትር ገደማ ስለሚወጣው፣ አንድ ከረጢት ተኩል ይበቃል። በወንፊቱ፣ ማለትም ውሃ በሚያስገባው የቧንቧው ቀዳዳማ ክፍል፣ በኩል ወደ ዙሪያው ጠጠር የሚዘልቀው ጥቂት ጭማሪ ይጠይቃል፤ ነገር ግን አምስተኛው ከረጢት ገብቶም ከፍታው ካልጨመረ ድብልቁ በባዛልቱ ስንጥቅ እየሄደ ነው። መፍትሄው ማቆም ነው፤ የገባው እስኪጠና ጠብቆ ከፍታውን መለካት፣ ከዚያም በየደረጃው መቀጠል። በእኔ እምነት በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ የገባውን ሊትር የሚመዘግብ ደብተር ነው።

በማግስቱ ድብልቁ ዝቅ ብሎ፣ ከላዩ ውሃ አቁሮ ይገኛል

ጥቂት መስመጥ የተለመደ ነው፤ ተለክቶ ይሞላል። ብዙ ከሰመጠ ወይ ውሃ በዝቶበታል፣ ወይ ከአፉ ተንቆርቁሮ በጉድጓዱ ውሃ ቀጥኗል። ለማረጋገጥ ከእያንዳንዱ ድብልቅ በጠርሙስ ናሙና ይቀመጥ፤ ጠዋት ላይ ከላዩ የጠራው ውሃ ብዙ ከሆነ ጥፋቱ ከመበጥበጡ ነው። አለበለዚያ ጥፋቱ ምናልባት ከአሞላሉ ይሆናል፤ ቀጭን ቱቦ እስከ ታች ወርዶ፣ ጫፉ ሁልጊዜ በድብልቁ ውስጥ እንደጠለቀ፣ ከታች ወደ ላይ መሞላት አለበት። ከአፉ የሚወጣው እንደገባው እስኪወፍር ድረስ አይቆምም።

ክረምት ሲገባ በቧንቧው ዙሪያ ውሃ ይሰርጋል

ውስጡ ተደፍኖ ውጩ ክፍት ቀርቷል። ዋልካ አፈር በበጋ ሲሰነጠቅ ከቧንቧው ይለያል፤ ከስሩ ያለው የዙሪያ ማሸጊያም ከመጀመሪያው ደካማ ከነበረ ውሃው ወደ ታች መንገድ ያገኛል። ከላይ ሲሚንቶ ማልበስ ይህን አያድንም። የዙሪያው አሞላል በመዝገብ ካልተረጋገጠ ቧንቧው ከመደፈኑ በፊት ይነቀል፤ ካልተነቀለ ደግሞ በሰፊ መቆፈሪያ ከነጠጠሩ ይውጣና ጉድጓዱ እንዳለ ይሞላ።