የቡድናችሁ መረጃ የት ነው የተቀመጠው?

ማኅበር ወይም የበጎ ፈቃድ ቡድን የምታስተባብሩ ይቺን ልብ በሉ። የአባላት ዝርዝሩም፣ ቃለ ጉባኤውም፣ ፎቶውም አንድ ነጻ የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ ብቻ ከሆነ፣ ባለቤቱ ባሻው ጊዜ ሊዘጋው ይችላል። ያሁ ግሩፕስ ለስንቱ ቡድን መገናኛ ነበር! እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 መጨረሻ አባላት የጫኑትን ፋይልና የቆየ መልእክት ማጥፋት ጀመረ፤ በ2020 መጨረሻ ጭራሽ ተዘጋ። የጉግል ማኅበራዊ መገናኛ የነበረው ጉግል ፕላስም የተዘጋው በ2019 ነው። ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ ይላካል፤ ግን ማንም በማይከፍተው የድሮ ኢሜይል ከመጣ ምን ዋጋ አለው?

ስለዚህ የአባላቱን ስም፣ ስልክና ኢሜይል በየጊዜው አውርዳችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ከሁሉ የሚቀድመው ይሄ ነው። ፎቶ ቢጠፋ ያናድዳል፤ አድራሻ ከጠፋ ግን ሰዎቹን መልሶ ማግኘት ጣጣ ነው። ቴሌግራም የምትጠቀሙ ከሆነ የኮምፒውተሩ መተግበሪያ የውይይቱን ታሪክ ያወርድላችኋል። ዝርዝሩ የሰው ምስጢር ስለሆነ በየስልኩ አይበተን፤ ሁለት የታመኑ ሰዎች ይያዙት።

አስተዳዳሪውም አንድ ሰው ብቻ አይሁን። ስልኩ ቢጠፋ ወይም አካውንቱ ቢታገድ ቡድኑ ያለ አስተዳዳሪ ይቀራል።